ስብርባሪው የሚመሰክረው

ከቦሌ ተነሥቶ ወደ መቀሌ ወይም ወደ ኮምቦልቻ የሚያቀና አውሮፕላን ብዙም ሳይቆይ የሰሜን ሸዋ ሰማይ ላይ ይገኛል። በመስኮቱ በኩል ለሚያይ ሰው መርሐቤቴ በጀማና በወንጪት ሸለቆዎች ተሰነጣጥቃ ትታያለች። በስተምሥራቅ የመንዝ ደጋ፣ የጓሳ ሜዳ፣ ወደ ላይም ግሼና ከፍታው ወደ 4000 ሜትር የሚጠጋው አቡዬ ሜዳ አሉ። ለመሐል ሜዳና ለዓለም ከተማ ነዋሪ አውሮፕላን ማለት ከደመና በላይ የሚያልፍ ድምፅ ነው። ነገር ግን አውሮፕላን በገጠር ሲወድቅ ቀድሞ የሚደርሰው ባለሙያ አይደለም፤ ማሳው ላይ ያለ ገበሬና ከብት የሚጠብቅ ልጅ ነው። እነሱ የሚያዩት ብረትና ወረቀት፣ ጫማና ሽቦ የምርመራው የመጀመሪያ ገጽ ነው። በዚህ ቅኝት ያንን ገጽ እንዴት ማንበብ እንደሚቻል፣ አንዲት ቅጠል የምታህል ቁራጭ ስትጠፋም ምን ያህል እውነት አብሯት ሊጠፋ እንደሚችል ላሳይ እሞክራለሁ።

በኢትዮጵያ ምድር የመጀመሪያው አውሮፕላን ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ያበረረው ፖቴዝ 25 ነበር። ዓመት ከጥቂት ወር በኋላ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዝግጅት በሚጧጧፍበት ሰሞን፣ ትሪኒዳድ ተወልዶ በኒውዮርክ ሐርለም ስሙ የገነነው ሁበርት ጁሊያን ንጉሠ ነገሥቱ የሚወዱትን ጂፕሲ ሞዝ ይዞ ተነሣና ከባሕር ዛፍ ጋር ተጋጨ። እሱ በሕይወት ተረፈ፤ አውሮፕላኑ ግን ከጥቅም ውጪ ሆነ፣ ጁሊያንም አገር ለቅቆ እንዲወጣ ተደረገ። እንደ ጂፕሲ ሞዝ ያለ የዚያ ዘመን ትንሽ አውሮፕላን ከእንጨትና ከሸራ የተሠራ፣ ተጭኖም ከ800 ኪሎ ግራም የማይበልጥ ነበር። ሲጋጭ ክንፉ ይሰነጠቃል፣ ሸራው ይተረተራል፣ ማገሩ ይሰበራል፤ ስብርባሪውም ዛፉ ሥር ይከመራል። ፍጥነቱ ትንሽ ስለሆነ የሚበተንበት ኃይል የለውም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት በሲ 47 አውሮፕላን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲበር ነገሩ ተለውጦ ነበር። አውሮፕላኑ በአብዛኛው አሉሚኒየም ነው። ቀጭኑ ቆርቆሮ ራሱ ሸክሙን ይሸከማል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሪቬቶች ቆርቆሮውን ከውስጥ ማገሮቹ ጋር ያያይዙታል። ዛሬም የመንገደኞች አውሮፕላን በአብዛኛው የሚሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው። መሐንዲሶች በአገልግሎት ዘመኑ ሊያጋጥመው ይችላል የሚሉትን ከፍተኛ ጭነት ያሰሉና አካሉ የዚያን አንድ ተኩል እጥፍ እንዲችል ያደርጋሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 የቦይንግ 777 ክንፍ በፋብሪካ ውስጥ ሆን ተብሎ እስኪሰበር ሲጎተት የተቀነጠሰው በ154 በመቶ ጭነት ላይ ነበር፤ ከስሌቱ ያለፈው በአራት በመቶ ብቻ ነው። እንዲህ በልክ የተሠራ ነገር ልኩ ሲያልፍ በዘፈቀደ አይፈርስም። ክንፉ ከሆዱ ጋር የሚጋጠምበት መካከለኛ ክፍል እጅግ ጠንካራ ስለሆነ፣ ረጅሙ የመንገደኞች ክፍል ብዙውን ጊዜ የሚቆረጠው ከክንፉ ትንሽ ቀደም ብሎና ከክንፉ ትንሽ ወደ ኋላ ነው፤ ሸንኮራ አገዳ በአንጓው እንደሚሰበር። በመሬት ላይ ባጋጠሙ ብዙ አደጋዎች አውሮፕላን ሁለት ቦታ ተቆርጦ ሦስት ሆኖ የምናየው ለዚህ ነው።

ለደጋ ሰው መታወቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ። አውሮፕላን የሚበረው በሚያገኘው የአየር ብዛት ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር ያልፋል፤ በዚያ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ያው አውሮፕላን፣ በዚያው ክብደት፣ ለመነሣት በመሬቱ ላይ ይበልጥ መፍጠን አለበት። የመጋጨት ጉልበት ደግሞ በፍጥነቱ ልክ አይጨምርም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ሒሳቡ ሲሠራ በቦሌ የሚንደረደር አውሮፕላን በባሕር ጠለል ላይ ካለው መሰሉ በሩብ ያህል የሚበልጥ ጉልበት ተሸክሟል። በጓሳ ከፍታ፣ በ3500 ሜትር፣ ቢሆን ብልጫው 40 በመቶ ይደርሳል። ፍሬኑ ማቆም፣ አካሉም መቻል ያለበት ይህንን ተጨማሪ ጭምር ነው።

ሚያዝያ 10 ቀን 1964 ዓ.ም. ቦሌ የሆነውም ከዚህ ጋር ይያያዛል። የምሥራቅ አፍሪካ አየር መንገድ ሱፐር ቪሲ 10 ከናይሮቢ መጥቶ በሮም በኩል ወደ ለንደን ሊቀጥል ይንደረደር ነበር። መንደርደሪያው ላይ የተረሳ፣ ለአውሮፕላን ክሪክ ማስቀመጫ የሚያገለግል ብረት የፊት ጎማውን አፈነዳው። አብራሪው መነሣቱን ትቶ ፍሬን ያዘ። ፍሬኑ ግን ቀደም ሲል ሲጠገን በትክክል ስላልተገጠመ ሙሉ ጉልበቱን አላገኘም። አውሮፕላኑ መንደርደሪያውን ጨርሶ ከጫፉ ባሻገር ካለው ቁልቁለት ላይ ወደቀ፣ የነዳጅ ታንኩ ተቀደደ፣ እሳት ተነሣ። ከተሳፈሩት 107 ሰዎች 43ቱ ሞቱ። ስብርባሪው ከመንደርደሪያው ጫፍ ጀምሮ በአንድ መስመር ላይ ነበር፤ የጎማው ቁርጥራጭ፣ ያቺ ብረትና የፍሬኑ ክፍሎች ደግሞ ሰንሰለቱን አንድ በአንድ ነገሩ። ገዳዩ አካሉ መሰበሩ ብቻ አልነበረም፤ ነዳጅ የያዘው ክንፍ መቀደዱና እሳቱ ነበር። በዝቅተኛ ፍጥነት የሚደርስ አደጋ ዋና ጸባይ ይህ ነው፤ ሰው ከግጭቱ ይተርፍና ከጭሱ ጋር ይሽቀዳደማል።

አውሮፕላን መሬት ሳይነካ በአየር ላይ ሲበተን ግን የምርመራው ሥራ ሁሉ ይገለበጣል። ዓለም ይህን በጽኑ የተማረው ኮሜት በተባለው የመንገደኞች አውሮፕላን ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 10 ቀን 1954 የብሪታንያ ኮሜት ከሮም እንደተነሣ በኤልባ ደሴት አጠገብ ባሕር ውስጥ ወደቀ፣ 35 ሰዎች ሞቱ። ቀድመው የደረሱት የኤልባ ዓሣ አስጋሪዎች ነበሩ። ሦስት ወር ሳይሞላ ሌላ ኮሜት በኔፕልስ አቅራቢያ በተመሳሳይ መንገድ 21 ሰዎችን ይዞ ጠፋ። በእንግሊዝ አገር በፋርንቦሮ የነበሩት ባለሙያዎች ስብርባሪውን ከባሕር ወለል አውጥተው በአዳራሽ ውስጥ በቦታ በቦታው ገጣጠሙት። ሌላ ሙሉ ኮሜት ደግሞ ውኃ በሞላበት ገንዳ ውስጥ አስገብተው፣ በእያንዳንዱ በረራ የውስጡ አየር ግፊት እንደሚወጣና እንደሚወርደው ሁሉ በውኃ ግፊት ደጋግመው ሞከሩት። በአገልግሎትና በገንዳው የቆጠራቸው ዙሮች ከ3000 ሲያልፉ አካሉ ከአንድ መስኮት መሰል ቀዳዳ ጥግ ጀምሮ ተቀደደ። ምክንያቱ የብረት ድካም ነበር፤ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ በእያንዳንዱ በረራ ትንሽ ትንሽ እየሄደ አንድ ቀን ሁሉን ይቀድዳል። ዛሬ የአውሮፕላን መስኮት ጥጉ ክብ የሆነው፣ አካሉም ስንጥቅ ቢጀምር እንኳ የሚገታው ማገር እንዲኖረው የሚደረገው ከዚያ ትምህርት በኋላ ነው።

በአየር ላይ መበተን በመሬት ላይ የሚተወው ካርታ ለየት ያለ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1988 በስኮትላንድ ሎከርቢ ሰማይ ላይ የፓን አም ቦይንግ 747 በቦምብ ሲመታ ፍንዳታው በራሱ የከፈተው ቀዳዳ ግማሽ ሜትር ያህል ነበር። የቀረውን ያደረጉት የውስጥ አየር ግፊትና የውጪው ነፋስ ናቸው። አፍንጫው ተገንጥሎ ለብቻው በአንድ መስክ ወደቀ። ነዳጅ የያዘው የክንፍ ክፍል ከተማው ውስጥ ወድቆ ጉድጓድ ቆፈረ፣ 11 ነዋሪዎችንም ገደለ። ጥቅጥቅና ከባድ የሆነው ነገር በበረራው አቅጣጫ ወደ ፊት ይወረወራል፤ ወረቀት፣ የጣራ ጨርቅና ቀጭን ቆርቆሮ በነፋስ ተወስዶ ይርቃል። ስብርባሪው ወደ 130 ኪሎ ሜትር በሚደርስ መስመር ላይ ተዘርቶ ከ2000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያልፍ አገር ሸፈነ። ጫካና መስክ ተከፋፍሎ በፖሊስ፣ በወታደርና በፈቃደኞች ተፈተሸ። ከተገኘ የሸሚዝ ቁራጭ ላይ የጥፍር ያህል የምትሆን የኤሌክትሮኒክስ ስባሪ ወጣች፤ ወደ ክስ የመራችው አንዷ ማስረጃ እሷ ነበረች። በሎከርቢ 270 ሰዎች ሞቱ።

ከዚህ የተነሣ መርማሪዎች ስፍራው ላይ ሲደርሱ ቀድመው የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ። አፍንጫው፣ ጅራቱ፣ የግራና የቀኝ ክንፍ ጫፎች የት አሉ? አራቱም በአንድ ቦታ ከተገኙ አውሮፕላኑ መሬት እስኪነካ ሙሉ ነበር። አንዱ ቀደም ብሎ፣ በበረራው መንገድ ወደ ኋላ ርቆ ከተገኘ አንድ ነገር በአየር ላይ ተገንጥሏል። ጥያቄው ለማንም የሚገባ ነው፤ መልሱ የሚገኘው ግን እያንዳንዱ ቁራጭ ከወደቀበት ሳይነሣ ሲቀር ብቻ ነው።

ከሎከርቢ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ ባሕር ዳር ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ወደ አሥመራ ሲነሣ የእርግብ መንጋ መሀል ገባ። ወፎቹ ወደ ሁለቱም ሞተሮች ገቡ፤ አንዱ ወዲያው፣ ሌላው አውሮፕላኑ ለመመለስ ሲዞር ጉልበት አጣ። አብራሪዎቹ ጎማ ሳያወርዱ በሆዱ አሳረፉት፣ እሳት ተነሣ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ፤ 69ኙ ተረፉ። አውሮፕላኑ ገና አዲስ ነበር። እንዲህ በሆዱ የተንሸራተተ አውሮፕላን ስብርባሪው የሚዘረጋው በተንሸራተተበት ርዝመት ነው፤ ሞተሮቹ መጀመሪያ መሬት ስለሚነኩ ይጎዳሉ፣ ሊገነጠሉም ይችላሉ። እርግቧን የገለጠው የሞተሩ ውስጥ ነው፤ ላባና የተጣመመ ምላጭ። ምላጩ የታጠፈበት መንገድ ሞተሩ ሲመታ ይዞር እንደነበር ወይም ቀድሞ እንደቆመ ይናገራል።

ተራራ የሚገጭ አውሮፕላን ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ሚኪ ሌላንድ ከሌሎች 15 ሰዎች ጋር የስደተኞች መጠለያ ወዳለበት ፉኝዶ ሲሄዱ የነበሩበት ትዊን ኦተር በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተራራ ላይ ወደቀ። ክረምት ነበር፣ ደመና ነበር። የተገኘው ከስድስት ቀን ፍለጋ በኋላ ነው፤ ከሁሉም አንድም አልተረፈም። ገደል የገጨ ትንሽ አውሮፕላን ስብርባሪው በአንድ ጠባብ ቁልቁለት ላይ ይቀራል፣ ዛፍና ጥላ ይሸፍነዋል፤ ከላይ የሚፈልግ ዓይን ብዙ ጊዜ አልፎት ይሄዳል። የጀማን አፋፍ የሚያውቅ የመርሐቤቴ ሰው ይህን ሳይነገረው ይረዳዋል። በእንዲህ ያለ አገር ከሄሊኮፕተር ይልቅ በዚያ መንገድ የሚመላለስ ገበሬ የሰማው ድምፅና ያየው ጭስ ቶሎ ያደርሳል።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ታሪክ በብዙዎቻችን ዘንድ ይታወቃል። ካፒቴን ልዑል አባተና ረዳት አብራሪ ዮናስ መኩሪያ ነዳጅ አልቆ ሁለቱም ሞተሮች ጠፍተው አውሮፕላኑን በኮሞሮስ ደሴት የባሕር ዳርቻ አጠገብ ውኃ ላይ አሳረፉት። በአንድ ቱሪስት የተቀረጸው ፊልም በአቪዬሽን ታሪክ ከሚታወቁ ምስሎች አንዱ ሆኗል። በፊልሙ ላይ የግራው ክንፍ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ የግራው ሞተርና የክንፉ ጫፍ መጀመሪያ ውኃ ነኩ። ፍጥነቱ በሰዓት 325 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በዚያ ፍጥነት ውኃ አይለሰልስም፤ የነካውን ይይዛል፣ ያልነካው ይቀጥላል፤ አውሮፕላኑም ወደ ግራ ተጠምዝዞ ተቆራረጠ። ከ175 ሰዎች 50ዎቹ ተረፉ። ከሞቱት መካከል በ1977 ዓ.ም. የድርቁን ጩኸት ከኮረም ለዓለም ያሰማው ኬንያዊው ጋዜጠኛ ሞሐመድ አሚን ይገኝበታል። የሕይወት ጃኬታቸውን አውሮፕላኑ ውስጥ እያሉ የነፉ መንገደኞች ውኃው ሲገባ ወደ ጣራው ተንሳፍፈው መውጫ አጡ። ይህ ትምህርት ዛሬ በየበረራው የምንሰማው ማስጠንቀቂያ ውስጥ አለ። ካፒቴን ልዑልን ማመስገን ያለብን ሃምሳ ሰው በሕይወት ስለተረፈ ብቻ አይደለም፤ ሞተር በሌለው አውሮፕላን፣ ከጠላፊዎች ጋር እየታገሉ፣ ሰው ሊያወጣ ወደሚችል ዳርቻ በማድረሳቸውም ጭምር ነው። ዋናተኞችና የጀልባ ሰዎች በደቂቃ ውስጥ የደረሱት ለዚያ ነው።

የቤይሩቱ አደጋ ግን እስካሁን ሁለት ትረካ አለው። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ሌሊት የአየር መንገዳችን ቦይንግ 737 ከቤይሩት በነጎድጓዳማ አየር ተነሥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ሜድትራንያን ባሕር ውስጥ ወደቀ፤ የነበሩት 90 ሰዎች ሁሉ ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሊባኖሳውያንና ኢትዮጵያውያን ነበሩ። የሊባኖስ የመጨረሻ ሪፖርት በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ ምክንያቱን በአብራሪዎቹ አያያዝ ላይ አደረገ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ድምዳሜውን አልተቀበለም፤ አውሮፕላኑ በአየር ላይ በፍንዳታ እንደተጎዳ የሚያሳይ ምልክት አለ አለ። እንዲህ ያለ ክርክር ብዙ ጊዜ የሚፈታው በስብርባሪው ነው። ከዚያ አደጋ ስምንት ወር ገደማ በፊት አትላንቲክ ውስጥ በወደቀው የኤር ፍራንስ 447 ላይ ፈረንሳውያኑ መርማሪዎች ጥቁሩ ሳጥን ገና ሳይገኝ በውኃ ላይ የተንሳፈፉትን ቁራጮች አዩ፤ የጓዳ ቁም ሣጥኖችና የወለል ክፍሎች ከታች ወደ ላይ ተጨምቀው ነበር። ከዚያ ተነሥተው አውሮፕላኑ ሙሉ ሆኖ በሆዱ ውኃውን እንደመታ ተናገሩ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ ከጥልቁ የወጣው ሳጥን ይህንኑ አረጋገጠ። የቤይሩቱ ስብርባሪም በከፊል ከባሕር ወጥቷል፤ ሁለቱ ወገኖች ግን ካነበቡት በኋላም አልተስማሙም። እኔ የሚሰማኝ፣ እንዲህ ያለ ጉዳይ ላይ የቤተሰቡ መብት የትኛው ቁራጭ ምን ይላል የሚለው ሁሉ በግልጽ ተዘርዝሮ እንዲቀርብለት ነው።

በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወዳለችው ቱሉ ፈራ እንምጣ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር ኢቲ 302 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ 8፣ ዋና አብራሪው ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው፣ ረዳቱ አሕመድኑር መሐመድ ነበሩ። ከስድስት ደቂቃ በኋላ ከቢሾፍቱ ወዲያ፣ በግምቢቹ ወረዳ የእርሻ መሬት ላይ ተከሰከሰ። 157 ሰዎች ነበሩበት፤ አንድም አልተረፈም።

የተገኘው ነገር ብዙዎችን ያስደነገጠው ባለመኖሩ ነው። ክንፍ የሚመስል፣ ጅራት የሚመስል፣ አውሮፕላን ነው የሚያሰኝ ነገር በመስኩ ላይ አልነበረም። የመጀመሪያው ሪፖርት እንደሚለው ጉድጓዱ 28 ሜትር በ40 ሜትር ነበር፤ የመጨረሻው ቁራጭ የወጣው ከ10 ሜትር ጥልቀት ነው። ከጉድጓዱ ውጪ ትናንሽ ስባሪዎች 200 ሜትር በ300 ሜትር በሚሆን ቦታ ተበትነዋል። ይህ ሁሉ በስሌት ይገባል። አውሮፕላኑ አፍንጫውን ወደ 40 ዲግሪ ቁልቁል ደፍቶ፣ በሰዓት ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ ነው መሬቱን የመታው። ከኮሞሮሱ ፍጥነት ሦስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረውም፤ በእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ላይ ያለው ጉልበት ደግሞ ስምንት እጥፍ ያህል ይሆናል። በዚያ ጉልበት ቀጭን አሉሚኒየም አይታጠፍም፤ ይደቅቃል። የሸዋ ጥቁር አፈር ደግሞ ጥልቅ ነው፤ የደቀቀውን ይዞ ወደ ታች ወሰደው።

በወቅቱ አንዳንድ የዓይን ምስክሮች ከመውደቁ በፊት ጭስ አየን ማለታቸው በዜና ተዘግቦ ነበር። የሰው ዓይን በዚያ ፍጥነት የሚሆነውን ለመያዝ ይቸገራል፣ ለዚህም ማንም አይወቀስም። ጉድጓዱና መስኩ ግን አውሮፕላኑ በአንድነት እንደመታ ያሳያሉ፤ በአየር ላይ የተበተነ አውሮፕላን ስብርባሪው በ300 ሜትር ውስጥ አያልቅም።

ከጉድጓዱ ከወጡት ነገሮች መካከል በምርመራው ትልቅ ሥራ የሠራው አንድ ብረት ነው፤ የጅራቱን አግድም ክንፍ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ረጅም ብሎን። አቀማመጡ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ወደ ታች እንዲደፋ ታዞ እንደነበር አሳየ። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ 189 ሰዎች ከሞቱበት የላየን ኤር አደጋ ጋር መመሳሰሉ ታየ፣ የሳተላይት መረጃ ተጨመረበት፤ አሜሪካ ከአደጋው ሦስት ቀን በኋላ አውሮፕላኑን ከበረራ አገደች። ቻይና፣ ኢትዮጵያና ሌሎችም ቀድመው አግደውት ነበር። ጥቁሮቹ ሳጥኖች ወደ ፈረንሳይ ሄደው ተነበቡ፤ መጋቢት 26 ቀን የመጀመሪያው ሪፖርት ወጣ። ከተነሣ ጥቂት ሰከንድ በኋላ፣ አውሮፕላኑ ነፋሱን በምን ማዕዘን እንደሚቀበል የሚለካው የግራው ጠቋሚ 74.5 ዲግሪ ሲያነብ የቀኙ 15.3 ዲግሪ ብቻ ነበር። ኤምካስ የተባለው የቁጥጥር ሥርዓት የተሳሳተውን አምኖ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፋ።

ያ ጠቋሚ ለምን ተሳሳተ? ክርክሩ እዚህ ላይ ነው። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የመጨረሻ ሪፖርት አውሮፕላኑ ከፋብሪካ ጀምሮ በነበረው የኤሌክትሪክ ችግር አመካኝቷል። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድና የፈረንሳይ የምርመራ ቢሮ ደግሞ ወፍ ወይም ሌላ ነገር መትቶ ጠቋሚውን እንደገነጠለው ይናገራሉ። ወፍ ከሆነ ያቺ ትንሽ ክንፍ መሰል ቁራጭ የወደቀችው ቱሉ ፈራ ላይ ሳይሆን ቦሌ መንደርደሪያ አካባቢ ነው፤ ከዋናው ጉድጓድ በብዙ ኪሎ ሜትር ርቃ። ክርክሩን የሚዘጋ ቁራጭ አልተገኘም። በኤምካስ ንድፍ ላይ የቦይንግ ጥፋት በዚህ አይቀንስም፤ አንድ ጠቋሚ ሲሳሳት ሁሉን ወደ መሬት የሚነዳ ሥርዓት መሥራት ስሕተት ነበር፣ ዓለምም በዚህ ተስማምቷል። ነገር ግን የሰንሰለቱ የመጀመሪያ ቀለበት እስከ ዛሬ ሁለት ስም አለው፤ ለዚህ ምክንያቱ የአንዲት ቁራጭ መጥፋት ነው።

ለቤተሰቦች ነገሩ ከምርመራም በላይ ነበር። ከአደጋው በሳምንቱ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል 17 የኢትዮጵያውያን ሬሳ ሣጥኖች ሲቀበሩ በውስጣቸው የነበረው ከስፍራው የመጣ አፈር ነው። የሟቾች ማንነት በዲ.ኤን.ኤ. እስኪለይ ወራት ፈጀ። ያንን መስክ የሚያርሱት ገበሬዎች እንግዳ አልቃሾችን ተቀብለው አብረው አልቅሰዋል፤ ይህ መመዝገብ ይገባዋል።

ወደ ፊት የሚገጥመን ስብርባሪ ደግሞ ከአሉሚኒየም እየራቀ ነው። አየር መንገዳችን በ2004 ዓ.ም. ማብቂያ ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 አካሉና ክንፉ በአብዛኛው ከካርቦን ጭረት የተሠራ ነው። ይህ ነገር እንደ ብረት አይጣመምም፤ ይሰነጠቃል፣ በንብርብሩ ይላቀቃል፣ ሲቃጠልም በዓይን የማይለይ ጭረት ያበንናል። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. ለንደን ሂትሮው ላይ ሰው ሳይኖርበት ቆሞ የነበረ የአየር መንገዳችን 787 ከጅራቱ አጠገብ በአንድ ትንሽ ባትሪ ሳቢያ ተቃጥሎ ነበር፤ ተጠግኖ ወደ ሥራ ተመልሷል። መርማሪዎች አዲሱን ስብራት ማንበብ እየተማሩ ነው። በስፍራው ቀድሞ ለሚደርስ ሰው ግን የሚቃጠለውን ነገር ጭስ መተንፈስ አደገኛ መሆኑን ማወቅ ይበቃዋል።

የወረዳ አስተዳደሮች፣ ትምህርት ቤቶችና የአቪዬሽን መሥሪያ ቤቶች በአውሮፕላን አደጋ ስፍራ ቀድሞ የደረሰ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ለደጋው ሕዝብ በቃል እንዲያስተምሩ እጠይቃለሁ፤ የሚፈጀው የአንድ ሰንበቴ ወይም የአንድ ቀበሌ ስብሰባ ጊዜ ብቻ ነው። እናንተም አንባቢዎቼ፣ በማሳችሁ ወይም በገደላችሁ ሥር እንዲህ ያለ ነገር ካጋጠማችሁ ነፍስ ያለው ሰው ካለ እሱ ይቅደም። ከዚያ በኋላ ነፋሱ ወደሚመጣበት ወገን ከጭሱ ራቁ። ጣት የምታህልም ብትሆን ያገኛችሁትን ቁራጭ ከወደቀችበት አታንሱ፤ ድንጋይ ከብባችሁ ምልክት አድርጉባት፣ ሰዓቱንና ድምፁ የመጣበትን አቅጣጫ አስታውሱ፣ ለቀበሌው ወይም ለፖሊስ በዚያው ቀን ንገሩ።